ዳዋ የለበሰ ጓሮ እንዴት ይመነጠራል? ዶማ ይዞ ለማያውቅ ሰው

ሐይቅ ከተማ ያለው የአያቴ ጓሮ አራት ዓመት ሰው ሳይገባበት ቆየ። ተመልሼ ስሄድ የጓሮው በር አልከፈት አለኝ። ከውጭ የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦው ተደግፎታል፣ ከሥር ሰርዶው ገብቶበታል። ቸኮልኩ። ቀን ሠራተኞች ቀጠርኩና በሁለት ቀን ሁሉንም አስጨፈጨፍኩት። ማታ ላይ መሬቱ ወለል ብሎ ሳየው ደስ አለኝ። በማግስቱ ጎረቤታችን እናት መጡና ጥጉ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ጌሾው ምን አድርጎሽ ነው?» አሉኝ። የአያቴ ጌሾ፣ ኮሰረቷና ዳማ ከሴዋ ከአረሙ ጋር አብረው ሄደዋል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሰርዶው ከበፊቱ ብሶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ጀመርኩ። 12 በ15 ሜትር የምትሆነውን ጓሮ ለማቅናት አምስት ወር ፈጀብኝ፣ ግን ቀና። አሁን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ የምመኘውን ነው። ወሎ ውስጥ ላላችሁ፣ ወይም ወደ ቤተሰብ ግቢ ተመልሳችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ለጠፋባችሁ።

መጀመሪያ ገጀራውን አስቀምጡት

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትቁረጡ። ዝም ብላችሁ እዩ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ዞር ዞር በሉበት። ፀሐይ የት ጋ ቶሎ ትመጣለች? ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በየት ይወርዳል? የት ጋ ነው አፈሩ የጠቆረው? ይሄን በአንዲት ወረቀት ላይ ንደፉት፣ ሥዕል መቻል አይጠበቅባችሁም።

ከዚያ ቀይ ጨርቅ ቀዳችሁ፣ መቅረት ያለበት ላይ ሁሉ እሰሩ። ችግሩ የሚቀረውን መለየት ነው። ጌሾ ዓመታት ሳይቀነጠስ ከቆየ ተራ ቁጥቋጦ ይመስላል። ቡና ሐረግ ከወጣበት ጭራሽ አይታይም። ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ዳማ ከሴና ጭቁኝ በጠረናቸው ይለያሉ፣ ቅጠላቸውን ትንሽ አሸት አድርጎ ማሽተት ነው፤ ነገር ግን የማታውቁትን ቅጠል በባዶ እጃችሁ አትሹ፣ ወደ አፋችሁም አታስጠጉ፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። ካልታወቃችሁ ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ ላኩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሰፈር ውስጥ የቆዩ እናት ወይም አባት ጋብዞ አብሮ መዞር ነው። የእኛ ጎረቤት በሁለተኛው ዙር አብረውኝ ሲዞሩ፣ እኔ ለመንቀል የተዘጋጀሁበትን አንድ ጉቶ አሳይተው ጌሾው ከሥሩ እያቆጠቆጠ መሆኑን ነገሩኝ። ዛሬ ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

ማንነቱን ያላወቃችሁት ተክል እስኪያብብ ይቆይ።

አደጋው ከእሾሁ በላይ ነው

ይሄን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ብዙ ቦታ አልፏል። ሰው ያልገባበት ጓሮ፣ አጥር ሥር፣ ጉድጓድና የፈረሰ ቤት አካባቢ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ምንነቱን የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩት፣ አትምቱት፣ አታንቀሳቅሱት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ተናገሩ። «ዝገታም ነው፣ ምንም አይልም» ብሎ ነገር የለም። ከአንድ ቀን ሥራ ይልቅ አንድ እጅ ይበልጣል።

ሁለተኛው እባብና ጊንጥ ነው። ከመግባታችሁ በፊት በረጅም ዱላ መሬቱንና ቁጥቋጦውን እየመታችሁ ሂዱ፣ እባብ ንዝረት ሲሰማ ብዙ ጊዜ ራሱ ይሸሻል። ድንጋይ ስታነሡ ጣታችሁን ከሥሩ አታስገቡ፣ በዶማ ወደ ራሳችሁ አቅጣጫ ገልብጡት፣ ያኔ ድንጋዩ በእናንተና በውስጡ ባለው መካከል ይሆናል። ሰው ከተነደፈ የተነደፈውን ቦታ መብጣት፣ መምጠጥ ወይም አጥብቆ ማሰር የለም። ያ እግር ወይም እጅ ሳይንቀሳቀስ ሰውየውን ተሸክሞ በቶሎ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ሦስተኛው ጉድጓድ። የድሮ ሽንት ቤትና የውኃ ጉድጓድ አፉ በእንጨት ተከድኖ፣ እንጨቱ በስብሶ፣ በላዩ ላይ ሣር ይበቅላል። ግቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ካልተገኘ በፊታችሁ ያለውን መሬት በዱላ እየጠቆማችሁ ተራመዱ።

አጥራችሁ ቅንጭብ ከሆነ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። መነጽር አድርጉ፣ ባይኖር እንኳ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አትቁረጡ። ከገባባችሁ ብዙ ንጹህ ውኃ ደጋግማችሁ አፍስሱበትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቁልቋልም እንደዚያው ነው።

ልብስ፦ ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ቦት ጫማ፣ የቆዳ ጓንት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ ብዙ ዓመት ከሆነ፣ የዛገ ሚስማር ከመርገጣችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

መቼ ይጀመር?

ወሎ በብዙ አካባቢው ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም። ስለዚህ ሁለት ጥሩ መግቢያዎች አሉን። አንደኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው፤ መሬቱ ገና እርጥብ ስለሆነ ሥር በቀላሉ ይነቀላል፣ አረሙም አበባ እንጂ ገና የደረሰ ዘር የለውም፣ ደግሞም ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደረቅ ወር ነቅላችሁ የጣላችሁትን ሥር ያደርቅላችኋል። ሁለተኛው ጥር ነው፣ በልጉ ሳይገባ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ዋልካ አፈር ያላችሁ ጥርን እርሱት፣ ያኔ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ዶማው ተመልሶ ክንዳችሁን ነው የሚመታው።

በሐምሌ አትጀምሩ። ጭቃውን ትረግጡታላችሁ፣ የነቀላችሁትም ያደረ ዝናብ አግኝቶ መልሶ ይተከላል።

እርጥበቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ እፍኝ አፈር ጨብጡ። ስትለቁት እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አንድ ሁለት ቀን ቆዩ። ፍርክስክስ ካለ ግቡ።

ዕቃ

ብዙ አትግዙ። ማጭድ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያ፣ ጥቂት ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፣ ሞረድ። የደነዘ ማጭድ ከስለታሙ ይልቅ ሰው ይጎዳል፣ ምክንያቱም በጉልበት ስትስቡት ይንሸራተታል። በየግማሽ ሰዓቱ አረፍ በሉና ሞርዱት። ቢገኝ ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ተዋሱ፣ ለሰርዶ ከዶማ ይሻላል።

በገመድ ከፋፍሉት

ችካል ምቱና ጓሮውን በገመድ 4 በ4 ሜትር አድርጋችሁ ክፈሉ። ከበሩ አጠገብ ካለችው ጀምሩ፣ በየቀኑ የምታዩት እሱን ነውና። አንዷን ክፍል ከላይ እስከ ሥር፣ እስከ መሸፈኛዋ ድረስ ሳትጨርሱ ወደ ሌላዋ አትሻገሩ። እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው፤ ቅጠሉን በሙሉ አጨድኩ፣ ሥሩን በሙሉ ተውኩ። ቅጠል ማጨድ አረሙን ማስተካከል ነው፣ እንደ ጸጉር። ሥሩና ዘሩ ነው ጓሮውን የያዘው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይበቃል። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ከሆናችሁ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አያሠራም።

ያልተነካችው ክፍል እያደገች ትቀጥላለች ብላችሁ አትጨነቁ። እዚያ ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አበባውን በማጭድ ቁረጡት፣ ዘር እንዳያፈራ። ሌላው ተራው እስኪደርስ ይቆይ።

አረሙን እንደ ጠባዩ

ሰርዶ ከሁሉም ይብሳል። ከመሬት በላይ ይሳባል፣ ከመሬት በታች ደግሞ ነጭ፣ ጫፉ መርፌ የመሰለ ሥር ይሰዳል። በዶማ ስትከታትፉት እያንዳንዱ አንጓ ያለው ቁራጭ አዲስ ሰርዶ ይሆናል፤ አንዱን ሃምሳ አደረጋችሁት ማለት ነው። ስለዚህ አትክተፉ። መቆፈሪያውን ስንዝር ተኩል ያህል ሰክታችሁ አፈሩን ወደ ላይ አንሡ፣ ከዚያ በእጃችሁ እያራገፋችሁ ሥሩን ሳይበጠስ ሳቡት። አድካሚ ነው፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው፣ አቋራጭም የለውም። የተለቀመውን በላስቲክ ወይም በድንጋይ ላይ አሰጡት፣ መሬት ላይ አይሆንም። እስከ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። ስታጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ሞቷል። ደግሞም ሰርዶ ጥላ አይወድም፣ ይሄንን በኋላ እንጠቀምበታለን።

የወፍ ቆሎ ስሙ እንደሚለው ዘሩን የሚዘራው ወፍ ነው። እሾህ አለው። ቅርንጫፉን ከዳር ወደ መሀል እየቆረጣችሁ ግቡ፣ ግንዱን ግን እስከ ጉልበታችሁ ተዉት። ያ ግንድ እጀታችሁ ነው። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ግንዱን ወዲያና ወዲህ ስትገፉት ሥሩ ይወጣል። መሬት የነካ ቅርንጫፉ ሥር ስለሚሰድ እሱንም ተከታተሉ። ለከብት አትስጡት፤ ጉበቱን ይጎዳዋል፣ ቆዳውንም ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስለዋል።

ቅንጨ አረም በቆላው በኩል፣ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ ድረስ የሚታይ መጤ ነው። ቅጠሉ የካሮት ይመስላል፣ አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፣ ከበቀለ በወር ከምናምን ያብባል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል፣ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጋችሁ፣ ሳያብብ፣ ከነሥሩ ንቀሉት። ካበበ ቀስ ብላችሁ በጆንያ ውስጥ ከታችሁ አውጡት። ጆንያውን በሌላው ጓሮ ላይ አትጎትቱ።

አስተናግር ሰፊ ቅጠል፣ መለከት የመሰለ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ አለው። ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ነው። የማታውቁትን አትቅመሱ ያልኩት ስለዚህ ነው። በጓንት ንቀሉ፣ ልጆችና ከብት የማይደርሱበት አድርቁ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ምንም አትብሉ።

ሳማ ያቃጥላል፣ ግን አትጥሉት። ሳማ ያለበት መሬት ለም ነው፣ የመጀመሪያውን ጎመን እዚያ ትተክላላችሁ። የታጨደውን በባልዲ ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፉት፣ ይሸታል፣ ታገሡት። አንድ እጁን ከአሥር እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ ተክል ሥር ስታጠጡ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ባህር ዛፍ ቆርጣችሁ ከተዋችሁት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቅርፊቱን እስከ መሬት ድረስ ላጡት፣ ቀንበጥ ብቅ ባለ ቁጥር ስንዝር ሳይሞላ ገንጥሉት። ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቴለንጅና ጨጎጊት ልብስ ላይ ተለጥፈው ነው የሚጓዙት፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ሱሪያችሁን አራግፉ። በለስ ካለ ቅጠሉ የወደቀበት ሁሉ ስለሚበቅል አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥልቁ መቅበር ነው።

የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ልርጭ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። በመኖሪያ ጓሮ እኔ አልመክርም። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ቱ-ፎር-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ነው የሚገድለው፤ ሰርዶውን ትቶላችሁ ጌሾውን ይጨርሰዋል። ሁሉን የሚገድለው ደግሞ ሁሉን ነው የሚገድለው። ዶሮ፣ ልጅና የጎረቤት ንብ ባለበት ቦታ እጅ ይሻላል።

ያረጀ ቡና ካለ

ሰው ጓሮ ሲመነጥር ቡናውንም «ላሳምረው» ብሎ በየቦታው ይቆርጠዋል። ተዉት። መጀመሪያ ሐረጉን ብቻ አንሡለት፣ ሥሩ አካባቢ በዶማ አትቆፍሩ፣ ሥሩ ላይ ላዩን ነው ያለው። በእጅ ንቀሉ። ካረጀና ካልሰጠ ለቀማው ካለፈ በኋላ፣ በልጉ ሳይገባ ይጎነደላል፦ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በስለታም መጋዝ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ገደድ አድርጎ። ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ይቀራል፣ ሌላው ይነቀላል። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትጎንድሉ፣ ቤት ውስጥ የሚጠጣ ይጠፋል። ሲሶውን ዘንድሮ፣ ሲሶውን ለከርሞ።

ክምሩ ይለያይ

የታጨደውን አንድ ላይ አትከምሩ። ንጹህ ሣር ለጎረቤት ከብት ይሄዳል። እንጨቱ ማገዶ ነው። ዘር ያልያዘው ለስላሳ ቅጠል ኮምፖስት ይሆናል፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል፣ ደረቁን፣ እርጥቡንና ፍጉን ወይም በጠጡን እያፈራረቁ መደርደር፣ በመሀሉ ረጅም ዱላ መሰካት። በሳምንቱ ዱላውን ስትመዙት ሞቅ ብሎ እርጥብ ከሆነ ጥሩ ሄዷል። ደርቆ ከወጣ ውኃ ይፈልጋል። በየወሩ ገልብጡት፣ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል። ሰርዶ፣ ዘር የያዘ አረምና አስተናግር እዚህ ውስጥ አይገቡም።

ጓሮውን በእሳት አታጽዱ። ነፋስ አይታመንም፣ አጥርና ቤት አጠገብ ነው ያለው፣ አፈሩንም ያራቁተዋል።

ተዳፋት ከሆነ ሁሉንም አትግፈፉ

የወሎ ጓሮ ሜዳ የሆነለት ጥቂቱ ነው። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር የሚለካበት ጣቢያ የተቋቋመው እንዲሁ አይደለም። ራቁቱን የቀረ ተዳፋት አንድ ኃይለኛ ዝናብ ይበቃዋል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ በአግድም ሥሩ። አንድ ክፍል ስትመነጥሩ ከሥሩ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ሣር ተዉ፣ የሚታጠበውን አፈር ይይዝላችኋል። ከመሬቱ የለቀማችሁትን ድንጋይ ወደ ውጭ አታውጡ፣ በዚያው ሣር መስመር ላይ ደርድሩት። እርከን ሆነላችሁ ማለት ነው።

ባዶ መሬት ባዶ አያድርም

ክፍሏ እንደጸዳች በዚያው ቀን ሸፍኗት። ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለምኑ፣ ፕላስተሩን ላጡት፣ አንዱ በሌላው ላይ ስንዝር ያህል እንዲደራረብ አንጥፉት፣ ውኃ አርከፍክፉበት፣ ከላይ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ስንዝር ያህል አልብሱት። ብርሃን ያላገኘ የአረም ቡቃያ አያድግም፣ የተረሳ የሰርዶ ሥርም ይደክማል። ዝናብ ሲመጣ ካርቶኑን በሳችሁ ዱባ ትከሉ። የዱባ ቅጠል መሬቱን ሙሉ ያለብሰዋል፣ ሰርዶ ጥላ አይወድም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ስኳር ድንችም ቆላና ወይና ደጋ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ደሴና ኩታበር በኩል ላላችሁ ውርጭ ስላለ ባቄላና ድንች ይሻላችኋል።

ሰው ጥሩ

ብቻችሁን አትሞክሩት። እኔ ሦስተኛዋን ክፍል ስደርስ ጎረቤት በደቦ ጠራሁ። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፣ ጎረቤታችን እናት ዱአ አድርገው አስጀመሩን። በአንድ ጠዋት ሦስት ክፍል አለቀ። ግን ከመጀመራችን በፊት ሁሉንም አዙሬ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን አሳየኋቸው፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ክፍል በገመድ ለይቼ ሰጠሁ። ገጀራ የያዘ ሰው ሞቅ ሲለው ጌሾና ግራዋ አይለይም፣ እናንተ ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ከዚያስ?

በየ15 ቀኑ አንድ ሰዓት። ቀኑን ወስኑት። አረሙ በሁለት ቅጠሉ ሳለ በሁለት ጣት ይነቀላል፣ ወር ሲሞላው ዶማ ይፈልጋል። በተለይ በልጉ ከጣለ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ከጓሮው አትራቁ፣ ለዓመታት የተቀበረው ዘር ያኔ ነው የሚነሣው፤ ብዛቱን ስታዩ ሥራችሁ ከንቱ የቀረ ይመስላችኋል፣ ግን አይደለም፣ ዘሩ ከመሬት እየወጣ እያለቀ ነው። ሳያብብ እስከነቀላችሁት ድረስ በክረምቱ የሚወጣው ከበልጉ ያንሳል፣ በሚቀጥለው በልግ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ቀይ ጨርቁን ግን ዓመት ሳይሞላ አትፍቱት።